በጅማ ለፍሬሽማን ሳይኮሎጂ ፈተና እንዴት እንዘጋጅ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ሆናችሁ ከገባችሁ «ጀነራል ሳይኮሎጂ ኤንድ ላይፍ ስኪልስ» የሚባል ኮርስ ይጠብቃችኋል። ዲፓርትመንት ከመግባታችሁ በፊት የምትወስዱት ነው። ኢንጂነሪንግ የሚያልመውም፣ ሕግ የሚፈልገውም እኩል ይፈተናል። ብዙዎቻችሁ ሃይስኩል እያላችሁ ሳይኮሎጂ የሚባል ትምህርት አይታችሁ አታውቁም። ሲኒየሮች ደግሞ «እሱማ ወሬ ነው፣ ዋዜማው ላይ ታነቡታላችሁ» ይላሉ። እባካችሁ አትስሟቸው። ኮርሱ ሦስት ክሬዲት አወር ነው። ማትስ የከበደው ተማሪ ጂፒኤውን ከፍ የሚያደርግበት ዕድል እዚህ ነው፤ ይሄንን ዕድል ሰው በንቀት ሲጥለው ሳይ በጣም ያናድደኛል።

ፍሬሽ ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሞጁሉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ፣ ገጹን ሁሉ በሃይላይተር ያቀለመ፣ ትርጉሙን በቃሉ የሚወጣ ልጅ ፈተናው ላይ ግራ ይጋባል። ሳያነብ ቀርቶ አይደለም። የሸመደደው ትርጉም ነው፣ የተጠየቀው ግን ታሪክ ነው። ፈተናው ብዙውን ጊዜ «ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ምንድነው» ብሎ አይጠይቃችሁም። አንድ ሰው ይሄንን አደረገ፣ ከዚያ እንዲህ ሆነ፣ ታዲያ ይሄ የትኛው ነው ይላል። ምርጫዎቹ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ዝግጅታችሁ በሙሉ ወደ አንድ ነገር ያዘንብል፦ ከታሪክ ውስጥ ሐሳቡን ነቅሶ ማውጣት። ለዚህ ደግሞ የራሳችሁን ታሪክ መሥራት ይኖርባችኋል።

ከምዕራፍ አራት ጀምሩ

ሞጁሉ 11 ምዕራፍ አለው። ሰው ሁሉ ከአንድ ይጀምርና ሦስት ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። እኔ የምመክረው ከአራተኛው፣ ስለ ሜሞሪ ከሚያወራው እንድትጀምሩ ነው። ምክንያቱም ያ ምዕራፍ እንዴት ማጥናት እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ፈተናም ላይ ይመጣል፣ የጥናት ዘዴም ይሆናችኋል።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እያጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ ራሱ ላይ ለካ። ያገኘው ይሄ ነው፦ ብዙው የሚረሳው ወዲያው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመርሳቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ለእናንተ ምን ማለት ነው? ሰኞ የተማራችሁትን ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ለአጭር ጊዜ ካልነካችሁት ፈተና ሲደርስ ከዜሮ ልትጀምሩ ነው። አሥር ሰዓት በአንድ ሌሊት ከማጥናት ያንኑ አሥር ሰዓት በተለያዩ ቀናት መበተን ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይበልጣል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ተማሪዎችን ከፋፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንደኛው ቡድን ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ከዘጋ በኋላ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ዘግቶ የጻፈው በለጠ። የእናንተ ፈተና ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም። ሞጁሉን ደጋግማችሁ ስታነቡ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይመጣል፤ ያ ስሜት ገጹን ስለለመዳችሁት ብቻ ሊሆን ይችላል። ዕውቀታችሁን የምታረጋግጡት ሞጁሉ ተዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ ስትጽፉ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቡ፣ ሁለት ሦስት ገጽ። ዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ፣ አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ችግር የለውም። ቃሉን ብቻ ፈተናው በሚጠቀምበት እንግሊዝኛ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ፈተናው የሚመጣው በእሱ ነው። ከዚያ ሞጁሉን ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከሌላ ነገር በፊት ያንን ወረቀት ሳታዩ እንደገና ሞክሩ። በቃ። አሰልቺ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ምንም የማታውቁ ይመስላችኋል፣ አንዳንዱ ተማሪም እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሃይላይተሩ ይመለሳል፤ እናንተ ግን ቀጥሉበት፣ አእምሮ የሚሠራው በዚያች በጨነቃችሁ ደቂቃ ነው።

በዚያው ምዕራፍ የሚጠየቁትን ልጥቀስ። ሴንሰሪ፣ ሾርት ተርም፣ ሎንግ ተርም ሜሞሪ ልዩነታቸው በሚይዙት መጠንና በቆይታቸው ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሾርት ተርም ሜሞሪ ወደ 7 ነገር ያህል፣ ሁለት ሲደመር ወይም ሲቀነስ፣ ይይዛል አለ። ስልክ ቁጥር አሥር አሃዝ ሆኖ ሳለ እንዴት ታስታውሱታላችሁ? ከፋፍላችሁ ስለምትይዙት። ያ ቸንኪንግ ይባላል። ኢንተርፊረንስ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይወድቃል። ዶርም ቀየራችሁ እንበል። አዲሱን የብሎክ ቁጥር ሲጠይቋችሁ የድሮው አፋችሁ ላይ ከመጣ አሮጌው አዲሱን ረበሸ፣ ፕሮአክቲቭ ነው። ከወራት በኋላ የድሮውን ሲጠይቋችሁ አዲሱ ብቻ ከመጣላችሁ አዲሱ አሮጌውን ረበሸ፣ ሪትሮአክቲቭ ነው። ጠይቁ፦ የጠፋው የትኛው ነው? አዲሱ ከጠፋ ፕሮ፣ አሮጌው ከጠፋ ሪትሮ።

ምሳሌውን ከጅማ ውሰዱ

ሞጁሉ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች ደረቅ ናቸው። የእናንተ ምሳሌ ግን ከዶርማችሁ፣ ከሰፈራችሁ፣ ከመርካቶ መንገድ ሲመጣ አይረሳም። እያንዳንዱ ቃል አጠገብ የራሳችሁን አንድ ታሪክ ጻፉ። የሰው ምሳሌ ከቴሌግራም አትገልብጡ፤ ጥቅሙ ያለው ራሳችሁ ስታስቡት ነው። ለመነሻ ያህል እኔ የማስጠናባቸውን ላሳያችሁ።

ሴንሴሽንና ፐርሴፕሽን። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ጆሯችሁ ሲደርስ ሴንሴሽን ነው። «ዝናብ ነው፣ ያሰጣሁት ልብስ ረጠበ» ስትሉ ፐርሴፕሽን ሆነ። ቡና የሚቆላበት ቤት ስትገቡ ሽታው ያውዳችኋል፣ ትንሽ ስትቆዩ ግን አይታወቃችሁም፤ ሽታው አልጠፋም፣ ሴንሰሪ አዳፕቴሽን ነው። የዌበር ሕግ ደግሞ እንዲህ ይያዝላችሁ። ሁለት ኪሎ ቡና የያዘ ፌስታል ላይ አንድ ኪሎ ቢጨመር ወዲያው ይታወቃችኋል። 60 ኪሎ ጆንያ ላይ ያችው አንድ ኪሎ ብትጨመር ግን ተሸካሚው ላያውቃት ይችላል። ልዩነት የሚታወቀው ከመነሻው መጠን አንጻር ነው፣ ሕጉ ይሄው ነው።

ለርኒንግ፣ ምዕራፍ ሦስት። እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ከሞጁሉ ሁሉ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ክላሲካል ኮንዲሽኒንግን በፓቭሎቭ ውሻ፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ ድምፅ ሲሰማ ምራቁ በሚመጣው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ጥያቄው ሲቀየር ግን ይጠፋዋል። ሌላ ታሪክ ይኸው። ሕፃን ልጅ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ክትባት ወጋችው። አለቀሰ። ሌላ ቀን ጋዋኑን ገና ከበር ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። መርፌው አንኮንዲሽንድ ስቲሙለስ ነው፣ ማንም ሳያስተምረው ያስለቅሰዋል። ለመርፌው ያለቀሰው አንኮንዲሽንድ ሪስፖንስ ነው። ጋዋኑ መጀመሪያ ኒውትራል ነበር፣ በኋላ ኮንዲሽንድ ስቲሙለስ ሆነ። ጋዋን አይቶ ያለቀሰው ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ ነው። ልብ በሉ፣ ለቅሶው ሁለቱም ቦታ አለ። የሚለየው ያስለቀሰው ነገር ነው። ፈታኞች የሚይዟችሁ እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩን ቀጥሉት። ልጁ ሥጋ ቤት ሄዶ የሥጋ ሻጩን ነጭ ጋዋን አይቶ ካለቀሰ ጀነራላይዜሽን። ሥጋ ሻጩን ዝም ብሎ ነርሷን ሲያይ ብቻ ካለቀሰ ዲስክሪሚኔሽን። ነርስ የሆነች አክስቱ በጋዋን ደጋግማ ብትጠይቀውና ምንም ባትወጋው ለቅሶው እየቀነሰ ይጠፋል፣ ኤክስቲንክሽን። ጠፍቶ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ጋዋን አይቶ ካለቀሰ ስፖንቴኒየስ ሪከቨሪ። አንድ ልጅ፣ አንድ ጋዋን፣ ስንት ቃል ተያዘ!

ወደ ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ፣ ከባህሪያችን ውጤት ወደምንማርበት ስንመጣ፣ ስኪነር ያስፋፋው ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። አንደኛ፣ ባህሪው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከጨመረ ሪኢንፎርስመንት ነው፣ ከቀነሰ ፐኒሽመንት። ሁለተኛ፣ የሆነ ነገር ተጨመረ ወይስ ተነሳ? ከተጨመረ ፖዘቲቭ፣ ከተነሳ ኔጌቲቭ። እዚህ «ኔጌቲቭ» መጥፎ ማለት አይደለም፣ ነገሩ ተነስቷል ማለት ብቻ ነው። አሁን ሞክሩት። ቢምቢ ሲያስቸግራችሁ አጎበር ዘረጋችሁ፣ ንክሻው ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ በየማታው ትዘረጋላችሁ። መዘርጋቱ ጨመረ። ንክሻው ተነሳ። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት። ታናሽ ወንድማችሁ ስለዋሸ አባታችሁ ስልኩን ቀሙት፣ መዋሸት አቆመ። ባህሪው ቀነሰ፣ ስልኩ ተነሳ፤ ኔጌቲቭ ፐኒሽመንት። በኩርኩም ቢሉት ኖሮ ፖዘቲቭ ፐኒሽመንት ይሆን ነበር፣ ደስ ስለሚል ሳይሆን ኩርኩም ስለተጨመረ። ሁለቱን ጥያቄ በቅደም ተከተል ካልጠየቃችሁ ትሳሳታላችሁ፤ «መጥፎ ነገር ተፈጠረ፣ ስለዚህ ኔጌቲቭ» ብሎ የሚዘል ሰው ሁልጊዜ ይወድቃል።

ስኬጁሎቹስ፣ ሪኢንፎርስመንቱ መቼ መቼ እንደሚሰጥ የሚወስኑት? ሬሾ በሥራ ብዛት፣ ኢንተርቫል በጊዜ ነው፤ ፊክስድ የታወቀ፣ ቫሪያብል የሚለዋወጥ። ቡና ለቃሚ በለቀመው ኪሎ ልክ ሲከፈለው ፊክስድ ሬሾ። የወር ደሞዝተኛ ፊክስድ ኢንተርቫል። ቤቲንግ የሚቆርጥ ሰው መቼ እንደሚበላ ስለማያውቅ ደጋግሞ ይቆርጣል፣ ቫሪያብል ሬሾ፤ ሱስ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አስተማሪው ድንገተኛ ኩዊዝ መቼ እንደሚሰጥ ካልታወቀ ቫሪያብል ኢንተርቫል።

ክላሲካልና ኦፐራንትን ለመለየት ስቲሙለሱና ውጤቱ የት እንዳሉ እዩ። ከባህሪው በፊት የመጣ ነገር ሳይፈልግ ካስለቀሰው፣ ካስደነገጠው፣ ምራቁን ካመጣው ክላሲካል። ፈልጎ አድርጎ ከኋላ ውጤት ካገኘበት ኦፐራንት። ባንዱራ ደግሞ ሰው ሌላውን አይቶ ይማራል ይላል፣ በ1961 ሕፃናት አዋቂ ሰው ቦቦ የተባለውን አሻንጉሊት ሲደበድብ አይተው ሲደግሙት ያሳየበት ሙከራው ታዋቂ ነው። አራቱን ደረጃ በቅደም ተከተል ያዙ፦ አቴንሽን፣ ሪቴንሽን፣ ሪፕሮዳክሽን፣ ሞቲቬሽን። እናቷ ቡና ስታፈላ እያየች ያደገች ልጅ ላይ አራቱንም ፈልጓቸው።

ስሞቹ

ማዛመድ ሲመጣ ስም ይበዛል። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ሥራ ብቻ ስጡት። ዊልሄልም ቩንት፣ ላይፕዚግ፣ 1879፣ የመጀመሪያው ላብራቶሪ። ቲችነር፣ ስትራክቸራሊዝም (አእምሮ ከምን ከምን እንደተሠራ)። ዊልያም ጄምስ፣ ፈንክሽናሊዝም (አእምሮ ለምን እንደሚጠቅም)። ዋትሰን፣ የሚታይ ባህሪ ብቻ ይጠና ያለው። ቨርታይመር፣ ኮፍካና ኮህለር፣ ጌስታልት (ነገሩን በሙሉነቱ ማየት)። ፍሮይድ፣ አንኮንሸስ (ራሳችን የማናውቀው የአእምሮ ክፍል)። እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት አታጥፉ፣ በትንንሽ ካርድ ጽፋችሁ ካፌ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ገልብጧት።

ሞቲቬሽን፣ ኢሞሽን፣ ፐርሰናሊቲ

ሦስቱን የስሜት ቲዎሪዎች በአንድ ታሪክ ያዙ። ማታ ከላይብረሪ ወደ ዶርም ስትመለሱ ጅብ አያችሁ። ጄምስና ላንግ፦ መጀመሪያ ልባችሁ መታ፣ ከዚያ መምታቱን ተከትሎ ፍርሃቱ መጣ። ካነንና ባርድ፦ ልብ መምታቱና ፍርሃቱ እኩል መጡ። ሻክተርና ሲንገር፦ ልባችሁ መታ፣ ዙሪያችሁን አያችሁ፣ «ጅብ ስለሆነ ነው፣ ፈርቻለሁ» ብላችሁ ስም ሰጣችሁት። ጥያቄው ውስጥ «ትርጉም ሰጠ፣ አሰበ» የሚል ካያችሁ ወደ ሦስተኛው ሂዱ።

የፍላጎት ግጭቶችን ደግሞ በዲፓርትመንት ምርጫ አስቧቸው። ሜዲስንም ሶፍትዌርም እኩል ከተመኛችሁ አፕሮች አፕሮች። ማጥናትም አልፈልግም፣ መውደቅም አልፈልግም ካላችሁ አቮይዳንስ አቮይዳንስ። ሜዲስንን ትወዳላችሁ ግን የዓመቱ ብዛት ያስፈራችኋል፣ አፕሮች አቮይዳንስ፣ ምክንያቱም የሚስበውም የሚገፋውም ያው አንዱ ነገር ነው።

የፍሮይድ ኢድ፣ ኢጎ፣ ሱፐርኢጎ ላይ የምሰጠው ምሳሌ የበሶ ነው። የዶርም ጓደኛችሁ ሎከር ክፍት ነው፣ ከቤት የመጣለት በሶ ይታያል፣ እናንተ ርቧችኋል። «አሁኑኑ በጥብጠህ ጠጣ» የሚለው ኢድ ነው። «የሰው ነገር መንካት ነውር ነው» የሚለው ሱፐርኢጎ። «ቆይ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ» የሚለው ኢጎ።

ዲፌንስ ሜካኒዝሞችን፣ ማለትም ሰው ሳያውቀው ራሱን ከጭንቀት የሚከላከልባቸውን ዘዴዎች፣ ለየብቻ አትሸምድዱ፣ ይደባለቁባችኋል። አንድ ክስተት ምረጡና ሁሉንም እዚያ ላይ ሞክሯቸው። ሚድ ላይ ዝቅተኛ ውጤት መጣ እንበል። «ድሮም ይሄ ኮርስ አይጠቅመኝም» ካለ ራሽናላይዜሽን። «የእኔ ወረቀት አይደለም፣ ሊሆን አይችልም» ካለ ዲናያል። አስተማሪውን እሱ ራሱ እየጠላ «አስተማሪው ጠልቶኝ ነው» ካለ ፕሮጀክሽን። ዶርም ገብቶ ምንም ባላደረገ ጓደኛው ላይ ከጮኸ ዲስፕሌስመንት። እንደ ሕፃን አኩርፎ ተሸፋፍኖ ካለቀሰ ሪግሬሽን። ንዴቱን ሩጫ ላይ ካዋለው ሰብሊሜሽን። ክስተቱ አንድ ሲሆን ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ስለ አእምሮ ሕመም ያለው ምዕራፍ

ምዕራፍ ሰባትን በጥንቃቄ አንብቡ፣ ለፈተናም ለሕይወትም። ስኪዞፍሬንያ ሁለት ዓይነት ሰው መሆን አይደለም፤ ከእውነታ ጋር ያለ ግንኙነት መቃወስ ነው፣ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ሐሰተኛ እምነት ላይ መጽናት ያለበት። ሃሉሲኔሽንና ዲሉዥን ይለያያሉ፦ የመጀመሪያው የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት ነው፣ ሁለተኛው ማስረጃ የማያፈርሰው የተሳሳተ እምነት ነው። ማዘን ሁሉ ዲፕሬሽን አይደለም፣ መፍራት ሁሉ ፎቢያ አይደለም። ቆይታው፣ ክብደቱና ኑሮን ማሰናከሉ ይታያል።

ስታነቡ ደግሞ ምልክቱ ሁሉ ራሳችሁ ላይ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ጓደኞቻችሁንም በሞጁል አትመርምሯቸው፣ «እሱ ባይፖላር ነው» እያሉ ሰው ላይ ስም መለጠፍ ያሳምማል። ነገር ግን የምር እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ከጠላችሁ፣ ተስፋ መቁረጡ ለሳምንታት ካለቀቃችሁ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሂዱ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና አለው። ከፈተናው ይሄ ይቀድማል።

ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያሉት የላይፍ ስኪልስ ምዕራፎች ቀላል ናቸው፣ ስለዚህ ሰው ይዘላቸዋል፣ ጥያቄ ግን ይመጣባቸዋል። ሰልፍ ኮንሰፕትና ሰልፍ ኢስቲም እንዳይምታቱ፤ የመጀመሪያው ስለ ራሳችሁ ያላችሁ ሥዕል ነው፣ ሁለተኛው ለራሳችሁ የምትሰጡት ዋጋ። አሰርቲቭ (መብቱን በአክብሮት የሚናገር)፣ አግረሲቭ (ሌላውን የሚጋፋ)ና ፓሲቭ (ዝም ብሎ የሚቀበል) የሆነ መልስን በአንድ ሁኔታ ላይ ለዩአቸው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ።

ጫት፣ ቡናና እንቅልፍ

ጅማ ላይ ስለ ፈተና ተጽፎ ጫት ካልተነሳ ጽሑፉ ጎደሎ ነው። በብዙ ቤት ባህል ነው፣ ማንንም ልወቅስ አይደለም። ፈተና ሲደርስ «ያነቃል» ተብሎ ቅሞ የማያውቅ ልጅ ሲጀምረው ግን ዝም ማለት አልችልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ትነቃላችሁ፣ ገጹም ይገለበጣል። ሲያልፍ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ስሜትም ይወርዳል። ያጠናችሁት እንዲጸና የሚረዳው ደግሞ እንቅልፍ ነው። በተጨማሪ ያው ምዕራፍ አራት ላይ እንደምታነቡት አንድን ነገር ያጠናንበት የሰውነት ሁኔታና የምናስታውስበት ሁኔታ ሲለያይ ማስታወስ ይከብዳል። በምርቃና ያጠናችሁትን ጠዋት 2፡30 ላይ ደንዝዛችሁ ልታስታውሱት ነው። አያዋጣም።

ቡና ግን የጅማ ልጅ ቡና ተው ቢባል አይሰማም፣ እኔም አልልም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ አቁሙት፣ እንቅልፍ እንዳይነሳችሁ። በዋዜማው ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት ተኙ።

መብራትና ዝናብንም አስቡበት። ጅማ ላይ ዝናቡ ረጅም ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ሶፍት ኮፒ ብቻ ይዛችሁ ስልካችሁ ላይ ከተማመናችሁ ጉድ ትሆናላችሁ። ቢያንስ ምዕራፍ ሦስት፣ አራትና ስድስትን አሳትሙ፣ ወይም ከላይ ያልኩት ባዶ ወረቀት ላይ የጻፋችሁት ራሱ ይበቃችኋል። ዋናውን ጥናት የቀን ብርሃን ላይ አድርጉት። ላይብረሪ ከሞላ ባዶ መማሪያ ክፍል ፈልጉ፤ ጎድን እና ባደሊ በ1975 ጠላቂ ዋናተኞች ላይ እንዳሳዩት ያጠናችሁበት ቦታ ከምትፈተኑበት ጋር ሲመሳሰል ማስታወስ ይቀላል፣ ስለዚህ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ያለበት ክፍል ከአልጋችሁ ይሻላል።

አብሮ ማጥናት፣ የድሮ ፈተና

ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፣ ከዚያ ከበዛ ወሬ ይሆናል። አንዱ ታሪክ ይፍጠር፣ ሌሎቹ የትኛው ሐሳብ እንደሆነ ይመልሱ፣ ከዚያ ለምን ሌላው እንዳልሆነ ያስረዱ። «ለምን አልሆነም» የምትለው ጥያቄ ናት የምታስተምረው። በቋንቋችሁ አስረዱ፤ ለጓደኛህ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ማስረዳት ካቃተህ፣ እንግሊዝኛውን የሸመደድከው እንጂ ነገሩ አልገባህም ማለት ነው።

የድሮ ፈተና ካገኛችሁ በሰዓት ቁጭ ብላችሁ ሥሩት፣ መልሱን አትሸምድዱ። ጥያቄው ዘንድሮ ስሙና ታሪኩ ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል፣ መልሱ «ቢ» እንደነበር ማስታወስ ገደል ይከታል። «የዘንድሮው ፈተና ወጥቷል» ብሎ ብር የሚጠይቅ ቻናል ካያችሁ ውጡ። አጤሬራም ይቅር፤ ሲያዙ የሚጠፋው አንድ ኮርስ ብቻ አይደለም።

ፈተናው ቀን

ጠዋት ቁርስ ብሉ፣ መታወቂያችሁን ያዙ፣ ቀድማችሁ ድረሱ። ትንሽ መጨነቅ ችግር የለውም። የርከስና ዶድሰን በ1908 ካሳተሙት ጥናት ጀምሮ የሚባለው ይሄ ነው፤ መጠነኛ መነቃቃት ያግዛል፣ ከልክ ሲያልፍ ነው የሚያበላሸው። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ ወደ ውጭ የምታወጡት ከምታስገቡት ይርዘም።

ጥያቄው ውስጥ «ኤክሰፕት» ወይም «ኖት» ካለ በእርሳስ ክበቡት፣ በየዓመቱ ነጥብ የሚበሉ ሁለት ቃላት ናቸው። ታሪክ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ምርጫዎቹን ሳታዩ መጀመሪያ ለራሳችሁ መልሱ፣ ከዚያ ምርጫው ውስጥ ፈልጉት። የከበዳችሁን ዝለሉና ተመለሱ፣ ስትዘሉ ግን የመልስ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ እንዳይዛነፍ እዩ። እውነት ሐሰት ላይ «ሁልጊዜ» እና «ፈጽሞ» የሚል ቃል ካለ ረጋ በሉ፣ በሰው ባህሪ ላይ እንዲህ ተብሎ የሚደመደም ነገር ጥቂት ነው።

የሚድ ውጤት ሲለጠፍ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። አስተማሪያችሁን በትሕትና ወረቀቴን ልይ ብላችሁ ጠይቁ። የሳታችኋቸው ጥያቄዎች ከየትኛው ምዕራፍ እንደሆኑ ጻፉ፣ ትርጉሙን ባለማወቅ ነው ወይስ ታሪኩን ባለመለየት የሚለውን አጠገቡ አስቀምጡ፣ ለፋይናል ጥናታችሁን ከዚያች ዝርዝር ጀምሩ።